ሲማን ወይስ ሌማን? ለደብረ ብርሃኑ ጠያቂ

ወንድሜ፣ «ሌማን አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ሊግ በልቷል፤ ታዲያ የአርሰናል ምርጥ በረኛ ለምን ሲማን ይባላል?» ብለሃል። የዲኤስቲቪ ቤት ክርክር መሆኑ ያስታውቃል!

ሌማን በ2003/04 ሠላሳ ስምንቱንም የሊግ ጨዋታ ተሰልፏል፤ የገባበት 26 ጎል ነው። ሲማን በ1990/91 በ38 ጨዋታ የተቆጠረበት 18 ብቻ። እርግጥ ያኔ ተከላካይ በእግሩ የመለሰለትን ኳስ በረኛ በእጁ መያዝ ይችል ነበር (ሕጉ የተቀየረው በ1992 ነው)፤ ፊቱ የቆሙትም እነ አዳምስን የመሰሉ ጠንካራ ተከላካዮች ነበሩ። ስለዚህ በቁጥር ብቻ አልፈርድም።

ለእኔ የሚለየው የእግር አጣጣል ነው። በ2003 የኤፍኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ሼፊልድ ዩናይትድ ላይ፣ የሼፊልዱ አጥቂ የፔስኪሶሊዶ ቴስታ ሲማንን አልፎ ከኋላው ሊገባ ነበር። ወደ ኋላ እየተንደረደረ ቢሸሽ ክብደቱ ተረከዙ ላይ ያርፍና መዝለል ያቅተዋል። እሱ ግን በጎን ተስፈንጥሮ በቀኝ እጁ ከመስመሩ ላይ ጠርጎ አወጣት። ያኔ ዕድሜው 39 ነበር።

ድክመቱም ከዚያው ከቦታ አያያዝ ይመጣል፦ በ1995 በአውሮፓ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ፍጻሜ የሳራጎሳው ናይም ረጅም ኳስ ከመስመሩ ወጥቶ አገኘችው።

ሌማን በሻምፒዮንስ ሊግ 853 ደቂቃ ጎል አልገባበትም፤ በ2006 ግማሽ ፍጻሜም የቪያሪያሉን ሪኬልሜ ፍጹም ቅጣት ምት አድኗል። ግን በፍጻሜው ኤቶን ጥሎ በ18ኛው ደቂቃ በቀይ ወጣ። ሲማን ሦስት ሊግ፣ አራት ኤፍኤ ካፕ፣ 564 ጨዋታ። እኔ ሲማንን እመርጣለሁ።