የተከደነው እራት

ጥያቄ፦

«ባለቤቴ 19 ዓመት በጣና ላይ የሞተር ጀልባ ካፒቴን ነበር። ማታ መረብ ሊጥል ይወጣል፣ ጎህ ሲቀድ ይመለሳል። ወደ ደቅ ደሴት አቅጣጫ ከሄደ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። አራት ልጆቻችንን ያሳደግኋቸው ለብቻዬ ነው ብል ሐሰት የለበትም። ዓሣውንም ከጀልባዋ የምረከበውና የምሸጠው እኔ ነበርኩ። በኋላ ሰው ወደደውና ለከተማችን ምክር ቤት ተመረጠ፤ አሁን ምክትል ከንቲባ ነው። ጀልባዋን ሸጥን። ከዚያ ወዲህ ቤቴ የባለጉዳይ ሆኗል። ቡና ሳላፈላ በር ይንኳኳል። የሰውን አቤቱታ አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ ይሰማል፤ ለእኛ ሲሆን ግን ‹አድርጉ፣ አታድርጉ› ብቻ ነው፤ አሁንም ጀልባ ላይ ያለ ይመስለዋል። ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ቢገባም ልጆቹ አይጠጉትም፤ ሁሉን የሚጠይቁት እኔን ነው። በክረምት በወንዝ አፍ መረብ አይጣል ብሎ በምክር ቤት ስለተከራከረ አስጋሪው ሁሉ ጠላው፤ ወንድሜ እንኳ ቤታችን መምጣት አቆመ። የእኔ ፍቅር ግን አልጎደለም፤ እስከ ዛሬ እራቱን ለይቼ ከድኜ ነው የማስቀምጥለት። ሽማግሌ ብልክበት ‹ሕዝብ የመረጠውን ሰው ተው አንለውም› አሉኝ። ይህን ፖለቲካ እንዲተው ምን ላድርግ?»

ከጣና ዳር፣ ጎጃም

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ፖለቲካው የጻፉትን እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ከመጨረሻው አካባቢ ያለችውን አንዲት ዓረፍተ ነገር ላንሳ፤ «እራቱን ለይቼ ከድኜ ነው የማስቀምጥለት።»

ይህን የጻፉት ለፍቅርዎ ምስክር እንዲሆን ነው፤ ምስክርነቱን አልጠራጠርም። ሐይቅ ላይ ያደረ ሰው ቤቱ ሲገባ ልጆች በልተው ተነሥተዋል። ሰሐን በሰሐን ላይ ተደፍቶ ጥግ ላይ የቆየው ድርሻው «አልረሳንህም» ይለዋል። ከዚህ የበለጠ የሚያሞቅ ነገር ብዙ የለም። ይህ ግን ያኔ ነው። አሁን ባለቤትዎ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቤት እንደሚገቡ ራስዎ ነግረውኛል። እራት ሲቀርብ ሰውየው እዚያው ሳሎን ውስጥ ናቸው። ታዲያ ሰሐኑ የሚከደነው ለማን ነው?

ማታውን በዓይነ ኅሊናዬ ለማየት ሞከርኩ። እርስዎና ልጆቹ በአንድ ትሪ ዙሪያ ትበላላችሁ፤ ጨዋታው የእናንተ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ወሬ፣ የጎረቤቱ፣ የገበያው። ምክትል ከንቲባው ከባለጉዳይ ጋር ወይም ከስልካቸው ጋር ናቸው። ትሪው ከተነሣ በኋላ ሰሐኑ ይገለጥላቸውና ብቻቸውን ይበላሉ። ልክ ከሐይቅ እንደተመለሱ። ተሳስቼ ከሆነ ያርሙኝ። ካልተሳሳትኩ ግን ቤታችሁ እስካሁን ድረስ ሌሊት መረብ ሊጥል የወጣ ሰው የሚጠብቅ ቤት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እንደ እርስዎ ያሉ ብዙ ሰዎች በዚህ ነገር እየተጎዱ ምክንያቱን ሌላ ቦታ ሲፈልጉት አያለሁ። ጣና ላይ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ የገባው በ1978 ዓ.ም ገደማ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የደንገል ታንኳ ከዳር ብዙ አይርቅም። ሞተሩ አስጋሪውን ወደ ሐይቁ መሃልና ወደ ሩቅ ወንዞች አፍ ወሰደው። ስለ ሞተሩ ሲወራ የሚነሣው የዓሣው ብዛት ነው፤ በየቤቱ ስላመጣው ለውጥ ግን ሲወራ ብዙም አልሰማሁም። ባል በሌሊት የማይኖርበት፣ ሚስት ቤቱን ሙሉ በሙሉ የምትመራበት ትዳር መጣ። እርስዎም እንዲህ ያለውን ትዳር 19 ዓመት በብቃት መሩት። ልጅ ሲታመም የወሰኑት እርስዎ ነዎት፤ የትምህርት ቤት ክፍያው፣ የለቅሶው፣ የእድሩ ጉዳይ ሁሉ በእርስዎ እጅ አለፈ። ቤቱ ያለ አባት መንቀሳቀስ ለመደ። ለመድን ስንል ደግሞ ዝም ብሎ መቻል ማለት ብቻ አይደለም፤ ሁሉም ሰው ቦታውን ይይዛል፣ ባዶው ቦታ ይሞላል፣ ከሞላ በኋላ ማን ሞላው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ፓውሊን ቦስ የተባሉ አሜሪካዊት ምሁር በቬትናም ጦርነት ደብዛቸው የጠፋ ወታደሮችን ቤተሰቦች ሲያጠኑ ለአንድ ዓይነት ሐዘን ስም ሰጡት፤ እኔ በአማርኛ «ያልለየለት እጦት» እለዋለሁ። ሰውየው በአካል የለም፣ በቤተሰቡ ልብ ውስጥ ግን አለ፤ ወይም በተቃራኒው በአካል አለ፣ በሌላ መንገድ ግን የለም። ሁለቱም ዓይነት ቤተሰቡን «እኛ ስንት ነን?» ለሚል ቀላል ጥያቄ መልስ ያሳጡታል። የእናንተ ቤት ሁለቱን በተራ ያየ ይመስለኛል። ባለቤትዎ ሐይቅ ላይ ሳሉ አካላቸው አልነበረም፣ ቦታቸው ግን ነበረ፤ ማስረጃው የተከደነው እራት። አሁን አካላቸው ገብቷል፤ ቦታው ግን የለም። ሰሐኑ ያው ነው፣ ትርጉሙ ተገልብጧል።

አንድ ቀልድ ይፍቀዱልኝ፤ ከተማችሁ ምክትል ከንቲባ አገኘ፤ ቤቱ ግን ከንቲባ ነበረው።

«ለእኛ ሲሆን አድርጉ አታድርጉ ብቻ ነው» ላሉት፣ አዎ፣ ያማል፤ እንዲህ ያለ አነጋገር ልጅንም ሚስትንም ያርቃል። ነገር ግን ጀልባ ላይ ወጀብ ሲነሣ ጉባኤ አይጠራም። ካፒቴኑ በአጭሩ ይናገራል፣ ሰዎቹ ገመዱን ይስባሉ፣ ሕይወት ይተርፋል። ባለቤትዎ 19 ዓመት የተማሩት ቋንቋ ይህ ነው። ምክር ቤት ሲገቡ ያ ቋንቋ እንደማይሠራ ቶሎ ገባቸው፤ እዚያ አንድ ድምፅ ናቸው፣ ሁሉም ነገር በቃለ ጉባኤ ነው። ባለጉዳይን አንድ ሰዓት ቁጭ ብለው መስማታቸው ማዳመጥ የማይችሉ ሰው እንዳልሆኑ ያሳያል። ባለጉዳዩ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፣ «እርስዎ ምን ይላሉ?» ይላቸዋል። ቤት ውስጥ ግን፣ በእርስዎ ደብዳቤ መሠረት፣ ይህን የሚላቸው አንድም ሰው የለም። ልጆቹ አባታቸው እያሉ እርስዎን ይጠይቃሉ። ማንም ያልጠየቀው ሰው መናገር ሲፈልግ ትእዛዝ ሆኖበት ይወጣል። ትክክል ነው እያልኩ አይደለም፤ ከየት እንደሚመጣ እየነገርኩዎት ነው።

የወንዙን አፍ ነገር ሳላነሣ ባልፍ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም፤ እኔ ራሴ ሐይቅ ዳር ያደግሁ ነኝ። ነጭ ዓሣ የምንላቸው የጣና በርባሶች በርካታ ዓይነት ናቸው፤ አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይገኙም። በክረምቱ ውሃ ጊዜ ብዙዎቹ እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዞች ይወጣሉ። ያኔ በወንዝ አፍ የተዘረጋ መረብ እናቲቱን ከነእንቁላሏ ያስቀራታል። ባለቤትዎ ይህን ከወረቀት አላነበቡትም፤ በገዛ እጃቸው ከመረብ ያወጡትን ሆዷ የሞላ ዓሣ ያውቃሉ። የገዛ ጓደኞቻቸው ጠልተዋቸውም ቃላቸውን አላጠፉም። እርስዎ ደብዳቤዎ ላይ ያሰፈሩት ሰው እንደጠላቸው ብቻ ነው። ከዚያ ስብሰባ የተመለሱ ዕለት ማታ ቤት ውስጥ «እንዴት ዋልክ?» ያላቸው ሰው ነበረ ወይ? ወንድምዎ ስለቀረ ያዘኑት ሐዘን ይገባኛል፤ በወንድምና በባል መካከል መቆም ከባድ ነው። ግን ያን ዕለት የወንድምዎን ወገን ይዘው እንደሆነ ራስዎን ቢጠይቁ መልካም ነው።

እስካሁን በእርስዎ ላይ የፈረድኩ መስሎ ከታየዎ አሁን የምለው ነገር አለ። ደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ አጭሯ ዓረፍተ ነገር «ጀልባዋን ሸጥን» የምትለው ናት። ሁለት ቃል። ከእሷ በፊት ደግሞ ዓሣውን የሚረከቡትና የሚሸጡት እርስዎ እንደነበሩ በአንድ መስመር ነግረውኛል። ጎህ ሲቀድ ሐይቅ ዳር የቆመ ሰው ያን ሥራ ያውቀዋል። ጀልባዋ ስትጠጋ ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ውሃው ውስጥ ይገባሉ። ቀረሶው ለብቻ፣ አምባዛው ለብቻ፣ ነጩ ዓሣ ለብቻ ይለያል። ነጋዴው «ዛሬ ደቃቅ ነው» ብሎ ዋጋ ሲሰብር እጁን ከዘንቢሉ ላይ ያስነሡታል። በዐቢይ ጾም ፈላጊው ሲበረክት ሆቴሎቹ ራሳቸው ሰው ይልካሉ። ክንድዎ ላይ የደረቀ ቅርፊት ሳይለቅ ቡና ያፈላሉ። ያ ሁሉ የእርስዎ ነበር፤ ስምም፣ ገንዘብም፣ ወዳጅም ነበረው። ጀልባዋ በተሸጠች ዕለት ሁለት ሰዎች ሥራቸውን አጡ። ለአንዱ ወንበር ተሰጠው፣ ሕዝብ አጨበጨበለት። ለሌላዋ የባለጉዳይ ቡና ማፍላት ቀረላት። ሽማግሌዎቹም የመከሩት ስለ ባለቤትዎ ነው፤ እርስዎ ምን እንዳጡ የጠየቀዎት የለም። እውነቱን ለመናገር እርስዎም ራስዎን አልጠየቁም።

ስለዚህ «ፖለቲካውን እንዲተው ምን ላድርግ?» ለሚለው የምሰጠው መልስ የለኝም። ነገ ቢተዉ እንኳ ጀልባዋ አትመለስም፤ ሰሐኑም አይገለጥም። እንዲያውም ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውል፣ ማንም ምክር የማይጠይቀው ሰው ይኖረዎታል።

ምን ይደረግ ለሚለው፣ ከሩቅ ሆኜ ብዙ አልደፍርም። በሳምንት አንድ ሁለት ማታ እራቱን ሳይከድኑ፣ እሳቸው ትሪው ላይ እስኪቀርቡ ጠብቀው ቢጀምሩ ጥሩ ይመስለኛል። የመጀመሪያዎቹ ማታዎች በዝምታ ሊያልፉ ይችላሉ፤ አይደንግጡ። ከልጆቹ አንዱ ፈቃድ ሲጠይቅዎ «አባትህን ጠይቅ» ይበሉት፤ መልሳቸው እርስዎ የሚሰጡት ዓይነት ባይሆንም ከኋላ ሆነው አያርሙት። ይህ ከሁሉ ይከብድዎታል። የባለጉዳዩ ሰዓት መወሰን አለበት፤ በዚህ እስማማለሁ። ነገር ግን እሱን የሚያነሡት ስለ ጀልባዋ ካወሩ በኋላ ቢሆን ይሻላል፤ አለዚያ ሌላ አቤቱታ ይመስላቸዋል።

በደብዳቤዎ ውስጥ ዱላ፣ ስድብ ወይም የገንዘብ ክልከላ አላየሁም። ኖሮ የተዉት ከሆነ ከላይ ያልኩት ሁሉ አይሠራም፤ ሳይውሉ ሳያድሩ ለባለሙያ ይንገሩ። ከሌለም ቢሆን ባሕር ዳር ብቅ ስትሉ ሁለታችሁ አንድ አማካሪ ፊት ብትቀመጡ ደስ ይለኛል። እኔ የሰማሁት የአንድ ወገን ቃል ነው፤ ካፒቴኑ ስለዚያ ብቻቸውን ስለሚበሉት እራት ምን እንደሚሉ አላውቅም። አንድ ቀን ተቀምጣችሁ ሁሉም ይፈታል ብዬም ቃል አልገባም። በ19 ዓመት የተሠራ ቤት በአንድ ክረምት አይታደስም።

እንደገና ከጻፉልኝ ግን ጀልባዋ የተሸጠችበትን ጠዋት ይጻፉልኝ። ገዢው ሞተሩን አስነሥቶ ሲነዳት እርስዎ የት ቆመው ነበር?