ቃርሚያ ያልሽው ሥራ

የደብዳቤሽን ፍሬ ነገር ለሌሎች አንባቢዎች ላስቀድም። የፊዚክስ አራተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ፤ ከጠፈር ቴሌስኮፖችና ከመንኮራኩሮች በሚገኝ ዳታ ፕላኔቶችን ማጥናት ትፈልጊያለሽ። «ግን ዳታው ለሁሉም የሚለቀቀው ባለቤቶቹ ጥሩ ጥሩውን ከወሰዱ በኋላ ነው ይሉኛል። የሰው ቃርሚያ እየለቀምኩ ሳይንቲስት ልሆን እችላለሁ?» ብለሽ ጠይቀሻል። የትምህርት ወጪሽን የሚሸፍነው ታላቅ ወንድምሽ ደግሞ «ሰማይ አያበላም» ብሎ አካውንቲንግ እንድትገቢ ይገፋሻል። ዕድሜሽ 24 መሆኑ፣ እንግሊዝኛሽና በዘርፉ የምታውቂው ሰው አለመኖሩም ያሳስብሻል።

እህቴ፣ «ቃርሚያ» ያልሽው ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌን ሳቀርብ ከፈታኞቼ አንዱ ይህንኑ ቃል ነበር የነገሩኝ። የሠራሁት ካሲኒ የተባለችው መንኮራኩር ባነሳቻቸው የሳተርን ቀለበቶች ምስሎች ላይ ነው። «ሌላው አጭዶ ከሄደ በኋላ የመጣሽ ነሽ» አሉኝ። ያን ቀን መልስ አጣሁ። ዛሬ አለኝ፤ ላንቺ ልስጥሽ።

ማጀላን የምትባል መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቬነስን ትዞር ነበር። ቬነስ በደመና የተሸፈነች ስለሆነች ገጽታዋ የሚታየው በራዳር ነው። ማጀላን በ1991 ማት ሞንስ የተባለውን ትልቅ ተራራ አካባቢ በስምንት ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ አነሳችው። ምስሎቹ ከ30 ዓመት በላይ ማኅደር ውስጥ ተቀመጡ፤ የፈለገ ሁሉ ሊያያቸው ይችል ነበር። በ2023 ሮበርት ሄሪክና ስኮት ሄንስሊ የተባሉ ተመራማሪዎች አንዱን የእሳተ ገሞራ አፍ በሁለቱ ምስሎች አስተያይተው ቅርጹ እንደተለወጠ፣ ስፋቱም ከ2.2 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ 4 እንደደረሰ አሳተሙ። ቬነስ ላይ እሳተ ገሞራ በእኛ ዘመን ስለመንቀሳቀሱ ቀጥተኛ የሆነ የመልክዓ ምድር ማስረጃ ሲገኝ ያ የመጀመሪያው ነው። እስከዚያ ድረስ ለምን ሳይታይ ቀረ? ሁለቱ ምስሎች ራዳሩ ከተለያየ አቅጣጫ እያየ የተነሱ ናቸው። ያው ተራራ ሁለት የተለያየ ተራራ ይመስላል፤ ኮምፒውተርም ብቻውን ሊያመሳክራቸው አይችልም። በትዕግሥት ቁጭ ብሎ የሚያይ ዓይን ነበር የጎደለው።

ይህ ብቻውን የቆመ ታሪክ አይደለም። ጋሊሊዮ የተባለችው መንኮራኩር በታኅሣሥ 1997 የጁፒተር ጨረቃ በሆነችው ዩሮፓ አጠገብ ስታልፍ፣ የማግኔት መስክ የሚለካው ማግኔቶሜትሯ ለጥቂት ደቂቃ ያልተለመደ መዛባት መዘገበ። ጉዳዩ ሳይፈታ ቆየ። መንኮራኩሯ ራሷ በ2003 ጁፒተር ውስጥ ገብታ ጠፋች። ቆይቶ ግን ሀብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ከዩሮፓ ላይ ወደ ላይ የሚፈናጠር ውኃ ሊኖር እንደሚችል የሚያመለክት ነገር አየ። ያኔ ዢያንዜ ጂያና ባልደረቦቹ ወደ አሮጌው መዝገብ ተመለሱ፤ መዛባቱም መንኮራኩሯ በእንዲህ ያለ ፍንጣሪ መካከል ብታልፍ ከሚጠበቀው ጋር እንደሚገጥም በ2018 አሳዩ። በ1997 ልኬቱ ነበረ፤ ጥያቄው አልነበረም። ፓን የምትባለው የሳተርን ትንሽ ጨረቃም እንዲሁ በ1990 የተገኘችው ቮዬጀር 2 የተባለችው መንኮራኩር ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንስታቸው ከነበሩ ምስሎች ውስጥ ነው።

ቃርሚያ ማለት ባለቤቱ ፈልጎት ሳያየው የቀረው እህል ነው። እዚህ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንድ ቡድን ቴሌስኮፕ ሲጠይቅ የራሱን ጥያቄ ይዞ ነው የሚመጣው፤ መሣሪያው ግን ከተጠየቀው በላይ ይመዘግባል። በሀብልና ጄምስ ዌብ በተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ አብዛኛውን ጊዜ ዳታው ለጠያቂው ብቻ የሚቆየው ቢበዛ 12 ወር ነው፤ ከዚያ በኋላ የሁሉም ይሆናል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ክፍት የሚሆንም አለ። በዚያ ላይ የመሣሪያዎቹ ዳታ የሚታረምበት መንገድ በየጊዜው ስለሚሻሻል ያው ምስል ከአሥር ዓመት በኋላ ከበፊቱ የጠራ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ቡድን ያላየውን አንቺ የምታይበት ዕድል በእውነት አለ።

ማኅደሩ በር ጠባቂ የለውም፤ መምህርም ግን የለውም። ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ዳታ ማውረድ ሙያ አይደለም። ሙያው ከምታይው ነገር የትኛው ከሰማይ፣ የትኛው ከመሣሪያው እንደመጣ መለየት ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት እንዲህ አድርጊ። ቴስ የተባለችው የጠፈር ቴሌስኮፕ ዋስፕ-18 ስለሚባለው ኮከብ የሰበሰበችውን ዳታ አውርጂ። ከጁፒተር አሥር እጥፍ ገደማ የምትከብድ ፕላኔት ከ23 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ትዞረዋለች፤ ከፊቱ ባለፈች ቁጥርም ብርሃኑ ወደ 1 በመቶ ይቀንሳል። ፓይተን በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የተሠራው ላይትከርቭ የሚባል መሣሪያ በነጻ ይገኛል። የመዞሪያ ጊዜዋንና የብርሃኑን ቅናሽ ራስሽ ለኪ፤ የታተመውን ውጤት ግን አስቀድመሽ አትዪ።

የብርሃኑን መጠን በሚያሳየው ግራፍ መስመር መሀል ክፍተት ታገኛለሽ፤ ቴስ ዳታዋን ወደ ምድር የምትልክበት ጊዜ ነው። ብርሃኑ ያለ ምክንያት የሚነሳና የሚወርድበት ቦታም ታያለሽ፤ አንዳንዱ ከምድርና ከጨረቃ ተበትኖ ካሜራው ውስጥ የገባ ብርሃን ነው። መጀመሪያ የምታገኚው ቁጥር ከታተመው ጋር ላይገጥም ይችላል። ለምን እንዳልገጠመ ስትደርሺበት ሥራውን ጀምረሻል። እኔ ቀለበቶቹ ላይ አዲስ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ሦስት ወር የደከምኩበት ጥላ የካሜራው እንከን ሆኖ ተገኝቷል፤ ከመማሪያ ክፍል ይበልጥ ያስተማረኝ ያ ሦስት ወር ነው።

አሁን ወደ ወንድምሽ። ከተናገረው ግማሹ እውነት ነው። በዚህ ዘርፍ ቋሚ የምርምር ቦታ ጥቂት ነው። ከሦስተኛ ዲግሪ በኋላ ብዙዎች የሁለትና የሦስት ዓመት ውል ይዘው ከአገር አገር ይዞራሉ፤ አንዳንዱ እስከ መጨረሻው ቋሚ ቦታ አያገኝም። ይህን የሚደብቅሽ መካሪ ወዳጅሽ አይደለም። ሌላው ግማሽ ግን ስህተት ነው፤ በግልጽ እነግርሻለሁ። የትምህርት ወጪ መሸፈን ትልቅ ውለታ ነው፤ ውለታው ግን በሕይወትሽ ላይ የርስት መብት አይሰጠውም። አራተኛ ዓመት ላይ ሙያ መቀየር ደግሞ ለእሱም ኪሳራ ነው፤ የከፈለው ባክኖ እንደገና ከመጀመሪያው ሊከፍል ነው። ሒሳቡን በወረቀት ሠርተሽ አሳዪው። ጀርባሽን ሰጥተሽው አትሂጂ፤ እሺ ብለሽም አትቀይሪ።

ገንዘቡን በሚመለከት አንድ ነገር ያዢ። በዚህ ሳይንስ ሦስተኛ ዲግሪ የሚሠራ ተማሪ እንደ ደንቡ ክፍያው ተሸፍኖለት መተዳደሪያም ይሰጠዋል። ከኪስሽ ክፈዪ የሚል ፕሮግራም ካገኘሽ ተዪው፤ ተበድረሽ አትግቢ። ከዚያ በፊት ግን ዳታ የሚበዛበት ሁለተኛ ዲግሪ ላይ እንድታተኩሪ እመክርሻለሁ። እኔ ከዚያ አልቀጠልኩም። የቀለበት ምስሎችን ማረምና መለካት ያስተማረኝ እጅ የምድር ሳተላይት ምስሎችን ለሚተነትን ድርጅት አስቀጠረኝ፤ ዘጠኝ ዓመት ያበላኝም እሱ ነው። ወንድምሽ «ሰማይ አያበላም» ሲል ይህን ንገሪው።

ዕድሜ 24 አልዘገየም። እንግሊዝኛው የሚሻሻለው የምርምር ጽሑፎችን በየቀኑ በማንበብ ነው፤ ቃላታቸው ውስንና ተደጋጋሚ ነው። የምታውቂው ሰው አለመኖሩን በተመለከተ፣ ሀብል ከ2018 ጀምሮ የጠያቂዎቹን ስም ሳያሳይ ነው የቴሌስኮፕ ጊዜ ማመልከቻዎችን የሚያስመዝነው፤ ጄምስ ዌብም በዚያው መንገድ ሄዷል።

ለተመራማሪ ስትጽፊ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሰማይ እወዳለሁ» አትበይ፤ ሁሉም ይለዋል። የዋስፕ-18ን ግራፍሽን፣ ያገኘሽውን ቁጥርና ያልገባሽን አንድ ነገር ብቻ አስፍሪ፤ ከአሥር መስመር አይብለጥ። ለእነሱ ከመላክሽ በፊት ለእኔ ላኪልኝ፤ አነበዋለሁ።