«አንደኛ ወጣ» ስል ለምን ዝም ይላሉ?

የሰሞኑ ደብዳቤዎቻችሁ እንደተማከሩ ሁሉ አንድ ነገር ላይ ናቸው፦ ጎበዝ ልጅና የሌሎች ወላጆች ፊት። አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ቅር አይበላችሁ።

ልጄ አንደኛ ወጣች። ካርዷን የክፍሉ ወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ልለጥፈው?

አይለጥፉት።

ልጄ ከክፍሉ አንደኛ ነው። ድሮ ሰላም የሚሉኝ እናቶች አሁን «ያንቺማ ምን አለበት» ብለው ያልፉኛል። ቅናት ነው? እሱም ሰሞኑን ውጤቱን ለጓደኞቹ ቀንሶ መናገር ጀምሯል።

ቅናት ሊኖርበት ይችላል። ግን የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሊዮን ፌስቲንገር እ.ኤ.አ. በ1954 የጻፈውን ልንገርዎ። ሰው ራሱን የሚለካበት ቁርጥ ያለ ነገር ሲያጣ ከሰው ጋር ይነጻጸራል፤ ያውም ከሚመስለው ሰው ጋር። ለወላጅነት ደግሞ ካርድ አይሰጥም። «ጥሩ እናት ነኝ ወይ?» ብላ የምትጨነቅ ሴት የምታየው አጠገቧ ያለችውን እናት ነው። ሌላ አገር ያለ ሰቃይ ተማሪ እንቅልፍ አይነሳትም፤ የእርስዎ ልጅ ግን ከልጇ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣል። እሱን ባየች ቁጥር የራሷን ጥያቄ ታስታውሳለች። ስለዚህ ፊቷን ለእርስዎ ጥላቻ አድርገው አይቁጠሩት።

እኔን ያሳሰበኝ መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጓት ነገር ናት። ልጁ 95 አግኝቶ 70 ይላል። ይህን ከየት ተማረው? እስቲ ያስታውሱ፤ እናቶቹ ሲያደንቁት «ኧረ ዘንድሮስ ሰንፏል» ብለው አያውቁም? ለትሕትና ነው፣ ይገባኛል። እሱ ግን አጠገብዎ ቆሞ ይሰማል። ጉብዝናው እናቱን የሚያሳፍር ነገር መሰለው። ከእንግዲህ ሲያደንቁት «አመሰግናለሁ፣ ለፍቶበታል» ይበሉና ዝም ይበሉ። ከዚያ ስለ እነሱ ልጅ ይጠይቁ፤ ስለ ውጤቱ ሳይሆን ስለ ልጁ።

አንድ ነገር ግን አይዘግይ። እያወቀ ፈተና ላይ መሳሳት ከጀመረ ወይም ጠዋት ጠዋት «ሆዴን አመመኝ» እያለ ትምህርት ቤት መሄድ ከጠላ፣ የትምህርት ቤቱን አማካሪ ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ያነጋግሩ። ተርሙ እስኪያልቅ አይጠብቁ።

የኔ ልጅ ሁለተኛ ነው። አንደኛዋ ሦስት አስጠኚ አላት። ፍትሐዊ ነው?

ጌታዬ፣ የልጅቷን አስጠኚዎች ቆጥረው ጨርሰዋል። አሁን ልጅዎ ምን እንደሚወድ ይቁጠሩ።

«ጎበዝ» እያሉ ማመስገን ይጎዳል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት «ብልህ ነህ» የተባሉ ልጆች «ጥረሃል» ከተባሉት ይልቅ ቀላሉን ሥራ መምረጥ ይቀናቸው ነበር። ውጤታቸውን ጨምረው የተናገሩትም ከእነሱ መካከል ይበዙ ነበር። ከላይ ያለው ልጅ ይቀንሳል፣ እነዚህ ይጨምራሉ። ሁለቱም የትልቅ ሰው ፊት እያዩ ነው። «ጎበዝ» ማለትን እርም ይበሉ አልልም፤ እኔም ያመልጠኛል።

ልጄ በ4 ዓመቷ ታነባለች። ጓደኞቼ «አስገድደሻት ነው» ይሉኛል። ላስመርምራት?

ከፈለጉ ባለሙያ ያሳዩዋት። እሷ ግን የምትፈልገው ሌላ መጽሐፍ ይመስለኛል።