ለአራስ የኬረላ ቅባትና ቅጠል፦ የሚወሰደውና የሚተወው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። ሻርጃ ነሽ፣ ስምንተኛ ወርሽን ይዘሻል። ከኬረላ፣ ከደቡብ ሕንድ የመጣችው ጎረቤትሽ ስትወልጂ ለአርባ ቀን የምታሽ ሴት ላምጣልሽ ብላ ቅባቱን፣ የቅጠል ውኃውን፣ በጠርሙስ የሚመጣውን ጥቁር መድኃኒትና ሕፃኑ ከማር ጋር የሚልሰውን ዘርዝራልሻለች። በኦፕራሲዮን ልትወልጂ እንደምትችዪም ተነግሮሻል። የቱን ልቀበል ነው ያልሽው።

እጅ የሚሠራውንና ድስት የሚያበስለውን ተቀበዪ። በጠርሙስ የሚመጣውንና ለልጁ በአፍ የሚሰጠውን ተዪው።

አዩርቬዳ የሚባለው የሕንድ ባህላዊ ሕክምና የወለደች ሴትን ለ45 ቀን ያህል ለብቻዋ የሚንከባከብበት ሥርዓት አለው። በምጥና በደም መፍሰስ «ቫታ» የሚሉት የነፋስና የድርቀት ባሕርይ ያይላል፣ ስለዚህ ሙቀት፣ ቅባትና ዕረፍት ያስፈልጋታል ይላል። እኛም አራሷን ብርድ እንዳይመታት ብለን በር የምንዘጋው፣ ገንፎውን በቅቤ የምናርሰው በተመሳሳይ ሐሳብ ስለሆነ እንግዳ አይሆንብሽም።

ከሁሉም የሚጠቅመው መታሸቱ ነው። በብዛት የሚያዘው ቅባት «ዳንዋንታራም» ይባላል፤ የሰሊጥ ዘይት ላይ ሥራሥርና ወተት ተፈልቶበት የሚሠራ ነው። ለአንድ ጊዜ 50 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃል። እሳት ላይ በቀጥታ አይጣድም፤ ዕቃው ሙቅ ውኃ ውስጥ ተቀምጦ ለብ ይላል። በክንድሽ ውስጠኛ ቆዳ ላይ ሞክሪው፣ ካቃጠለ ይቀዝቅዝ። እጅና እግር ከጫፍ ወደ ላይ በረዥሙ፣ መገጣጠሚያው በክብ፣ ወገብና ትከሻ ጠንከር ተደርጎ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይታሻል። የጡት ጫፍ ላይ ቅባቱ አይደርስም፣ ልጁ ይጠባዋልና። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ታርፊና ዘይቱ በማሾ ዱቄት ይነሳል፤ ሳሙና ከበዛ ቆዳውን መልሶ ያደርቀዋል። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ፎጣ ይነጠፍ፣ ሰውም ይደግፍሽ፤ ዘይት የነካ ሴራሚክ ላይ የደከመች አራስ መውደቅ አይከብዳትም። ዘይት የጠጣውን ፎጣ ደግሞ ቢታጠብም ማድረቂያ ማሽን ውስጥ አትክተቺ፣ በራሱ እሳት ሊያነሳ ይችላል። ገመድ ላይ ይሰጣ።

መቼ ይጀመር? በምጥ ከወለድሽ፣ ደሙ ከቀነሰና ትኩሳት ከሌለሽ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ። በኦፕራሲዮን ከሆነ እጅ፣ እግርና ጀርባ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ይታሻሉ፤ ሆድ ግን ቢያንስ 6 ሳምንት ይቆያል፣ ሐኪምሽም ቁስሉን አይቶ ይፍቀድ። አንዱ እግርሽ ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመሽ ማንም እንዳይነካው። የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፣ ማሸት ደግሞ ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል። ወዲያው ሆስፒታል ነው። አሁን በእርግዝናሽ ላይ እያለሽም ሆድሽን አታሳሺ፣ ምጥ እንዲመጣ ተብሎ የሚሰጥ የጉሎ ዘይትም አትጠጪ።

ሆድ የሚታሰርበት ነጠላ ነገር ከዳሌ ተጀምሮ ወደ ላይ ይጠቀለላል፣ ሁለት ጣት መግባት አለበት። ከላይ ጠብቆ ከታሰረ ግፊቱን ሁሉ ወደ ታች ይሰደዋል፤ በምጥ የላላው የማህፀን መያዣ የሚጎዳው ያን ጊዜ ነው።

የቅጠል ውኃ የሚሉት ብዙ ጊዜ የሾላና የዋርካ ዘመድ የሆኑ የአራት ዛፎች ቅርፊት የተፈላበት ነው። መታጠቡ ምንም አይልም። ችግሩ ማህፀን ያጸዳል ተብሎ የሚፋጅ ውኃ ሆድ ላይ በኃይል መረጨቱ ነው። ማህፀንን የሚያጸዳው ራሱ መኮማተሩ ነው፣ ጡት ማጥባትም ያግዘዋል። የኦፕራሲዮን ጠባሳ ዙሪያ ያለው ቆዳ ለወራት ደንዝዞ ሊቆይ ስለሚችል ሲቃጠል እንኳ ላይሰማሽ ይችላል። ለብ ያለ ይሁን፣ ቁስሉ እስኪዘጋም አይዘፍዘፍ።

ከምግቡ «ኡሉቫ ካንጂ» የሚሉትን የአብሽ ገንፎ አትለፊው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የአብሽ ፍሬ ማታ ይዘፈዘፋል፣ ጠዋት ከግማሽ ስኒ ክክ ሩዝ ጋር እስኪፈርስ ይበስላል፣ መጨረሻ ላይ የኮኮናት ወተት፣ የተፈጨ ከሙንና ትንሽ ቀይ ሽንኩርት ይጨመራል። የኮኮናት ወተቱ ከገባ በኋላ አይንተክተክ፣ ይበጣጠሳል። የስኳር መድኃኒት ወይም ደም የሚያቀጥን የምትወስጂ ከሆነ፣ ሽምብራ ወይም ኦቾሎኒም የማይስማማሽ ከሆነ አብሹን ሐኪም ሳታማክሪ አትጀምሪ። በአብሽ የተነሳ የልጁ ሽንት ሽሮፕ ሽሮፕ ሊሸት ይችላል፤ አንድ ከባድ የትውልድ በሽታም እንዲሁ ስለሚሸት አብሽ መብላትሽን ለሕፃናት ሐኪሙ ንገሪው። ውኃ አትጠጪ የሚሉሽን አትስሚ፣ ስታጠቢ የሚጠማሽ ያለ ምክንያት አይደለም።

ወደ ጠርሙሱ ልምጣ። ኒውዮርክ ውስጥ በ2011 እና 2012 (እ.ኤ.አ.) ስድስት ነፍሰ ጡሮች ከሕንድ በመጣ የአዩርቬዳ መድኃኒት እርሳስ (ሊድ) በሚባለው መርዛማ ብረት ተመርዘው ተገኝተዋል። በ2008 በወጣ ጥናት በኢንተርኔት የተሸጡ 193 ምርቶች ሲመረመሩም አምስተኛው ያህሉ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ነበረበት። አንዳንዱ ተበክሎ ሳይሆን ሆን ተብሎ ከብረታ ብረት ዱቄት የሚሠራ ነው፤ ስሙ ላይ «ባስማ» ወይም «ራሳ» ካለ አትንኪው። እርሳስ በእንግዴ ልጅም በጡት ወተትም ያልፋል። «አሪሽታም» የሚባሉት ፈሳሾች ደግሞ እንደ ጠጅ የተብላሉ ናቸው፣ ከ5 እስከ 10 በመቶ አልኮል አላቸው። «ለሂያም» የሚሉት ማርማላታ መሳዩ ዋናው ነገሩ ጥቁር ስኳር ነው፤ በእርግዝና ስኳር ለወጣባት አይሆንም። ቅመሙ ካማረሽ ከሙን፣ ዝንጅብልና ነጭ አዝሙድ ወጥ ቤትሽ አለልሽ።

ለልጁ ማር፣ በማር የተለወሰ የወርቅ ዱቄት፣ ድንጋይ ላይ የተፈተገ ሥር፣ ምንም። ማር እስከ 12 ወር ድረስ ሽባ የሚያደርግ ቦቱሊዝም ሊያመጣ ይችላል። በእኛም ለአራስ ልጅ ቅቤ የሚያልሱ አሉ፤ የመጀመሪያው ነገር በመጀመሪያው ሰዓት የሚጠባው እንገር ነው። ልጁን ማሸት ግን ጥሩ ነው። ከጠባ 45 ደቂቃ ሲያልፍ፣ በሞቀ ክፍል፣ በአንድ የሻይ ማንኪያ የኮኮናት ዘይት 10 ደቂቃ ይበቃዋል። የሰናፍጭና የወይራ ዘይት የሕፃን ቆዳ ስለሚጎዱ ይቅሩ። አፍንጫው ውስጥ ዘይት የምታንጠባጥብ ካየሽ አስቁሚ፣ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ያመጣል። የሕፃኑን ጡት ጨምቆ ወተት ማውጣትም እንዲሁ፣ መግል ያስይዘዋል። እትብቱ ደርቆ እስኪወድቅ ዘይት አይንካው፣ ዓይኑንም ኩል አትኳዪው፤ በየሱቁ ከሚሸጠው ኩልና ሱርማ ከሚሉት የእስያ ኩል ብዙው እርሳስ አለበት።