«ዝግ ነበር» ያለኝ ልጅ

ልጆቼ፣ ባለፈው ሳምንት ከእናንተ አንዷ «ቲቸር፣ ኢዝ ወይም ዋዝ ካለ ሁሌም ፓሲቭ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ፓሲቭ እንደ «ተዘጋ» ያለው ነው፤ ድርጊቱ የተፈጸመበት ነገር ባለቤት የሚሆንበት። ወዲያው አልመለስኩላትም። አንድ ልጅ ትዝ አለኝ።

1978 ዓ.ም. ነው፤ ማስተማር በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት። ለአሥራ አንደኛ ክፍል ፈተና «ዌን አይ አራይቭድ፣ ዘ ሾፕ ዋዝ ክሎዝድ» የሚል ዓረፍተ ነገር አወጣሁ። ከራሴ ነው ያመጣሁት፤ ሲጋራ ልገዛ ሄጄ ሱቁ ዝግ ሆኖብኝ ተመልሼ ነበር። (ሲጋራውን ከተውኩ ቆየሁ።) «ክሎዝድ ምንድን ነው?» ለሚለው የኔ መልስ ፓሲቭ ነበር። ልጁ ቅጽል ብሎ ጻፈ፤ ኤክስ አደረግሁበት። ወረቀቱን ይዞ መጣና «ቲቸር፣ ስደርስ ሱቁ ዝግ ነበር ነው እኮ የሚለው፤ ስደርስ ተዘጋ አይልም» አለኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ልክ መሆኑ ያኔውኑ ገብቶኛል፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝም እሱ ነው። ግን «እንግሊዝኛ በአማርኛ አይፈታም፣ ወደ ቦታህ!» አልኩት። ጓደኞቹ ሳቁበት። ከዚያ በኋላ እጁን አውጥቶ አያውቅም። ሁለት ማርክ ነበረች፤ አልጨመርኩለትም።

በአማርኛ መፈታቱ ነበር እኮ ደጉ! እኛ ለድርጊቱ «ተዘጋ»፣ ለሁኔታው «ዝግ» አለን። እንግሊዝኛ ለሁለቱም ክሎዝድ ይላል። መክፈት ላይ ሲደርስ ግን ይለያል፦ «ዋዝ ኦፕንድ» ተከፈተ፣ «ዋዝ ኦፕን» ክፍት ነበር። «ክሎዝድ ባይ ዘ ፖሊስ» ከተባለ ዘጊው ስላለ ፓሲቭ ነው። «ባይ» የሚለውን ቃል ብቻ ግን አትመኑ፤ «አይ ዋዝ ቬሪ ሰርፕራይዝድ ባይ ዘ ኒውዝ» (በዜናው በጣም ተገርሜ ነበር) ሲባል ቬሪ ወደ ቅጽል ይጎትተዋል። «ዘ ሌተር ዋዝ ሪትን» (ደብዳቤው ተጻፈ) ላይ ቬሪ ጨምሩና ስሙት፤ እናንተው ትስቃላችሁ።

ፎርሙላ አትሸምድዱ ልላችሁ ነበር። ግን እኔም «ቢ ፕላስ ፓስት ፓርቲሲፕል» (ኢዝ ወይም ዋዝ፣ ቀጥሎ እንደ ክሎዝድ ያለ የግስ ቅርጽ) እያልኩ እንደ ዜማ ነው ያስጠናሁት፤ ብዙዎቹም ያለፉት በሱ ነው። እንግዲህ ሸምድዱ። የዛሬ ልጆች ስልካችሁ ያለውን እንደ ቃለ መሐላ ትቀበላላችሁ፤ ያ ልጅ ቢሆን ስልኩንም ይሞግተው ነበር።

ጥያቄውን ያነሳሽው አንቺ፣ የላክሽልኝ «ዘይ ወር ማሪድ» ብቻውን አይለይም። «ኢን ሜይ» ካልሽበት ተጋቡ፣ «ፎር ቴን ይርስ» ካልሽበት ባለትዳር ነበሩ። መምህርሽ አንዱን ብቻ ልክ ነው ካለ፣ ወረቀቱን ይዘሽ ሂጂ።