የቲማቲም ሾርባ ለምን ይቀጥናል፣ ለምንስ ይኮመጥጣል?

እህቴ፣ ለብርዱ ማታ ብለሽ የምትሠሪው የቲማቲም ሾርባ ይቀጥናል፣ ይኮመጥጣል፣ ጠጥተሽው ብዙም ሳይቆይ ይርብሻል ነው ያልሽው። ክሬም ልጨምርበት ወይ ብለሽም ጠይቀሻል። እኔ ክሬሙን ለጊዜው ተዪው ባይ ነኝ። የሾርባው ጣዕም የሚወጣው ገና ውሃ ሳይነካው ነው።

ሽንኩርቱን አትቸኩዪበት። ለ4 ሰው ከሆነ 2 ትልልቅ ቀይ ሽንኩርትና 1 ካሮት አድቅቀሽ ክተፊና በ3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ፣ እሳቱን ቀነስ አድርገሽ 15 ደቂቃ ያህል አቁላዪው። ማረር የለበትም፣ ልስልስ ይበል። የካሮቱ ጣፋጭነት ኮምጣጣነቱን ያበርድልሻል። ነጭ ሽንኩርት ቶሎ ስለሚያር ሽንኩርቱ ቁሌት ሊያልቅ ሲል ይግባ።

ቀጥሎ 2 የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ። ብዙ ሰው የሚያልፈው እዚህ ጋ ነው፤ ድልሁን በውሃ በጥብጦ ይጨምረዋል። አይሆንም፣ ዘይቱ ላይ መጠበስ አለበት። እያማሰልሽ ቆመሽ እዪው። መጀመሪያ ደማቅ ቀይ ነው፣ ሽታውም ጥሬ ጥሬ ይላል። 3 ደቂቃ ገደማ ሲሆነው ቀለሙ ጠቆር ብሎ ሸክላ ይመስላል፣ ዘይቱ በዳር በዳሩ ብቅ ይላል፣ የድስቱን ሥር መያዝ ይጀምራል። ያኔ ደርሷል። ሥሩን የያዘውን ጠብ በምታደርጊው ውሃ ፍቀሽ አስለቅቂው፣ ዋናው ጣዕም ያለው እሱ ላይ ነው።

አሁን ሆድ የሚይዘው ነገር። ግማሽ ኩባያ ምስር ክክ አጥበሽ ጨምሪና በ3 ኩባያ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ቀቅዪው። ምስር ካልወደድሽ ድንች ይሆናል። ግን የፈለግሽውን ብታስገቢ ከቲማቲሙ በፊት ይብሰል። ቲማቲም አሲድ አለው፣ አሲድ ደግሞ ጥራጥሬም ድንችም ቶሎ እንዳይለሰልስ ይይዘዋል። አንድ ላይ ከጨመርሻቸው ቲማቲሙ ፈርሶ አልቆ ምስሩ ገና ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል።

ከዚያ 1 ኪሎ በደንብ የበሰለ ቲማቲም ከትፈሽ ጨምሪና ለ25 ደቂቃ ይንተክተክ። ገበያ ላይ ያለው ቲማቲም ነጣ ያለና ጠንካራ ከሆነ ያለምንም ማመንታት የቆርቆሮውን ተጠቀሚ። ድስቱ ደግሞ ሽፋን የሌለው አልሙኒየም ባይሆን ይመረጣል፣ አሲዱ ስለሚበላው ሾርባው ብረት ብረት ሊል ይችላል።

አሁንም ኮመጠጠ? ስኳር ከማንሳትሽ በፊት ጨውን ቅመሺ። ጨው ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ጎልቶ ይወጣል። ጨው በልኩ ሆኖ እንኳን እምቢ ካለ፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ሩብ የማይበልጥ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሺበት። አረፋ ይነሳል፣ አትደንግጪ፣ ከአሲዱ ጋር እየተዋጋ ነው። ስኳር ጣዕሙን ይሸፍናል እንጂ አሲዱን አይቀንስም፣ ሶዳው ግን ይቀንሰዋል። ከመጠኑ ካለፈ ሳሙና ሳሙና ስለሚል እጅሽን ሰብሰብ አድርጊ።

ስትፈጪው እኔ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ፈጭቼ የቀረውን እንዳለ ብተወው ነው የምወደው፣ ማንኪያ ላይ የሚታኘክ ነገር ሲኖር ምግብነቱ ይሰማል። እባክሽ ብሌንደሩን በትኩስ ሾርባ ከግማሽ በላይ አትሙዪው። እንፋሎቱ ክዳኑን ገፍቶ ይረጫል፣ ቃጠሎው ደግሞ ከባድ ነው። የክዳኑን መሐል ቀዳዳ ክፈቺና በወፍራም ጨርቅ ያዢው።

ክሬም ወይም ወተት ካማረሽ እሳቱን አጥፍተሽ ነው። መጀመሪያ አንድ ጭልፋ ሾርባ ወተቱ ላይ ጨምረሽ አዋህጂ፣ ከዚያ ወደ ድስቱ መልሺው። ከአሲድ ጋር ሲፈላ ይቋጠራል። ፍሪዘር የምታስገቢውን ድርሻ ግን ወተት ሳይነካው ቀንሺ። ምስሩ ውሃ ስለሚመጥ በማግስቱ ወፍሮ ታገኚዋለሽ፣ ስታሞቂው ትንሽ ውሃ ጨምረሽ ጨውን እንደገና ቅመሺ።