ለአስታማሚ እናቶች የስዕል ድርጅት ማቋቋም ለምትፈልገው እህታችን

ሰላም እህቴ። «ሰዓሊ ነኝ፣ ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ለአስታማሚ እናቶች ስዕልና እረፍት የሚሰጥ ድርጅት ማቋቋም እንፈልጋለን፣ ከየት እንጀምር?» ላልሽው ነው። እኔ ነርስ ነኝ። የአእምሮ ሕመም ያለበትን ልጃቸውን ወይ ባላቸውን ቤት ውስጥ ከሚያስታምሙ ሴቶች ጋር አዲስ አበባ ውስጥ ይሄንኑ እንሠራለን። ምዝገባውን ማንም ይነግርሻል። እኔ የሚያቃጥለውን ልንገርሽ።

1. ቤት አትከራዪ፣ እድር ሂጂ። ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት አለው። አዳራሽ ያለውም ብዙ ነው፤ ለቅሶ ወይ ስብሰባ ከሌለ ተዘግቶ ነው የሚውለው። ደግሞ ማን ቤት ማን እንደተኛ እድር ያውቃል። ልጇን ከጎረቤት ደብቃ የምታስታምም እናት ማስታወቂያ አይታ አትመጣም። የኛን የመጀመሪያዎቹን እናቶች ያመጡልን የእድሩ ዳኛ ናቸው። እሳቸውም መጀመሪያ «ስዕል የልጆች ነው» ብለው ስቀውብናል። አሁን ቀለም ሲያልቅ ቀድመው የሚቆጡት እሳቸው ናቸው።

2. በጀት ላይ ቀለሙን የት እንደምትጽፊ ተጠንቀቂ። የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ አይብለጥ ይላል። የአስተዳደር ወጪ የሚባለውንም ይዘረዝራል፦ የአስተዳደር ሠራተኞች ደመወዝ፣ የኦዲት ክፍያ፣ መብራት፣ ውሃ፣ ኢንተርኔት የመሳሰለውን። እናቶች የሚስሉበት ቀለም እዚያ ውስጥ የለም። ገንዘብ የሚሰጠን ድርጅት የሂሳብ ሰው ግን ሸራውንም ብሩሹንም «የጽሕፈት መሣሪያ» ብሎ አስተዳደር ውስጥ ከተተው። የስዕል አስተማሪውን አበልም ጨመረበት። በአንድ ጊዜ ከ20 በመቶው አለፍን፣ ቀጣዩ ክፍያ ታገደ። ሄጄ ሳስረዳው ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም። «ስዕል መዝናኛ ነው። ሕክምና ነው ካላችሁ ሐኪም ይፈርምበት» አለኝ። ነርስ መሆኔን እያወቀ! እኔም ዝም አላልኩም። አዋጁን አትሜ፣ ዝርዝሩን በቀይ አስምሬ፣ እናቶቹ መገኘታቸውን የፈረሙበትን ወረቀት አያይዤ አለቃው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ክፍያው ተለቀቀ፣ ይቅርታ ግን የለም። ስለዚህ አንቺ ገና ከውሉ በፊት «ለአስታማሚዎች ድጋፍ ፕሮግራም ግብዓት» ብለሽ ጻፊ፣ የአስተማሪውንም ክፍያ እዚያው ክተቺ። በየቀኑም ማን እንደመጣ፣ ምን ያህል ቀለም እንዳለቀ መዝግቢ። አሰልቺ ነው፣ ግን ያድንሻል።

3. እረፍቱን በተመለከተ፣ እንደኛ ምንጣፍ አንጥፈሽ የአተነፋፈስ አሠልጣኝ ልታመጪ ነው መሰለኝ። ተይው። ትልልቅ እናቶች ሰው ፊት መሬት ላይ መጋደም ያፍራሉ። አሠልጣኟ ጎበዝ ነበረች፣ እናቶቹ ግን እርስ በርስ እየተያዩ ሳቁ። በሌላ ቀን አንዷ እናት ጥጥና እንዝርት ይዛ መጣች። ሌሎቹም ቀጠሉ። እጃቸው ሥራ ሲይዝ አፋቸው ተፈታ። ክብ አስቀምጠን «ምን ይሰማችኋል?» ስንል መልስ ያልሰጡን ሴቶች፣ እየፈተሉ ስንት ጉድ አወሩ! ስዕሉንም ያኔ ቀየርነው። አሁን ሁለት ሁለት ሆነው አንድ ሸራ ላይ ይስላሉ። ፊት ለፊት አይተያዩም፣ ወሬው ግን አይቋረጥም። ቡናው ደግሞ መጨረሻ ላይ ይሁን። ከቀደመ ብሩሽ የሚያነሳ አታገኚም።

በጎ ፈቃደኞችሽን ከአሁኑ አስጠንቅቂ። አንዱ ልጅ «ስዕል ከመድኃኒት ይበልጣል» ሲል ሰምቼ የዚያኑ ዕለት አሰናብቼዋለሁ። ጨካኝ አሉኝ። ይበሉኝ። ሰምታው መድኃኒት የምታስቆም እናት ብትኖርስ?

ሌላው ሽያጭ ነው። ኤግዚቢሽን ስታዘጋጂ ገዢ ይመጣል፣ ከገዢ ጋር ጭቅጭቅ ይመጣል። ድርጅት ገቢ ማስገኛ ሥራ መሥራት ይፈቀድለታል፤ ግን የተለየ የባንክ ሂሳብና መዝገብ ይፈልጋል፣ ትርፉም ለአባላት አይከፋፈልም። ይሄን ለእናቶቹ አስቀድመሽ ካልነገርሻቸው ሌባ ትባያለሽ። እኛ የሄድንበት መንገድ ቀላል ነው፤ ስዕሉ የሳለችው ሴት ንብረት ነው፣ ሁለት ሆነው ከሳሉት የሁለቱ። ዋጋውን ራሳቸው ይናገራሉ፣ ብሩን ከገዢው እጅ ራሳቸው ይቀበላሉ። እኛ ግድግዳውን ብቻ ነው የምንሰጠው።

እድሩ ጋ ስትሄጂ የወር ስብሰባ ያለበትን እሁድ ጠይቀሽ ሂጂ። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዘሽ እንዳትጀምሪ፣ ከመንግሥት የመጣሽ ይመስላቸዋል።